በጣት የሚሰጥ ምስክርነት

ግምጃ ቤት ላይ ለሕዝብ የቀረበ ትምህርት



ትምህርቴን ከከተማችሁ ከግምጃ ቤት ስም ልጀምር። ግምጃ ውድ ልብስ ነው፤ ግምጃ ቤትም ውድ ዕቃ የሚቀመጥበት ቤት ነው። በቀድሞው ዘመን የቤተ መንግሥት ሀብት፣ የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት፣ አልባሳቱና መጻሕፍቱ የሚጠበቁበት ቤት በዚህ ስም ይጠራ ነበር። እንዲህ ያለ ቤት በርና ጠባቂ ያስፈልገዋል። የሚገባው ተቆጥሮ ይገባል፤ የሚወጣውም ተቆጥሮ ይወጣል። አንዳች ነገር የጎደለ እንደሆነ የሚጠየቀው ቁልፉን የያዘው ሰው ነው።

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ስለ ሰው አንደበት ሲያስተምር የሰውን ልብ ሀብት ከተከማቸበት ቤት ጋር አመሳስሎታል። ከአፍ የሚወጣው ሁሉ ከዚያ ቤት የወጣ ነው። ሰው በከንቱ ለተናገረው ነገር እንኳ በፍርድ ቀን መልስ እንደሚሰጥም በዚያው ቦታ ነግሮናል።

በእኛ ዘመን ሰው አፉን ሳይከፍት መናገር ጀምሯል። ከብት እየጠበቀ፣ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ፣ ማታም አልጋው ላይ ተጋድሞ በአንድ ጣቱ ስልኩን ነክቶ ለሺህ ሰው ይናገራል። ታዲያ ክርስቲያን የሆነ ሰው «ሼር» የሚለውን ሲጫን ያደረገው ነገር ምንድን ነው? ብዙዎቻችን «ምንም» እንላለን። «እኔ አልጻፍሁትም፤ የደረሰኝን ነው ያስተላለፍሁት» ብለን እጃችንን እንታጠባለን። እኔ ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት አንድ ነገር ነው፦ ማጋራት ምስክርነት ነው። ምስክርነት ከሆነ ደግሞ በእግዚአብሔርም በሰውም ፊት ያስጠይቃል።

ምስክር ማን ነው?

በባልንጀራ ላይ በሐሰት መመስከርን የሚከለክለውን ትእዛዝ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 19 ደግሞ ትእዛዙን ወደ ችሎት ያወርደዋል። በአንድ ሰው ቃል ብቻ በማንም ላይ እንዳይፈረድ፣ ነገሩ በሁለት ወይም በሦስት ምስክር እንዲጸና ያዛል። ምስክሩ ሐሰተኛ ሆኖ ከተገኘም በወንድሙ ላይ ሊያመጣ ያሰበው ቅጣት በራሱ ላይ እንዲመለስ ይፈርዳል። ልብ በሉ፤ ሐሰተኛው ምስክር ዱላ አላነሣም፤ ድንጋይም አልወረወረም። ያደረገው መናገር ብቻ ነው። ሕጉ ግን ንግግሩን እንደ ምት ቆጥሮታል።

አባቶቻችንም ይህን ያውቁ ነበር። በገጠሩ ሌባ ወይም ነፍሰ ገዳይ ማንነቱ ሳይታወቅ ሲቀር ሕዝቡ አውጫጭኝ ይቀመጥ ነበር። የአካባቢው ሰው በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ እያንዳንዱም በመሐላ ያየውንና የሚያውቀውን እንዲናገር ይጠየቃል። በመሐላ የሚናገር ሰው ቃሉን ይመዝናል። ጎረቤቱን የሚጠላ ሰው እንኳ በዚያ ሜዳ ላይ ስሙን ከማንሣቱ በፊት ስለ ነፍሱ ያስባል። ከገበያ የተመለሰ ሰው ወሬ ሲያወራም አድማጩ «አንተ በዓይንህ አይተሃል?» ብሎ ያቆመዋል። «አየሁ» እና «ሲሉ ሰማሁ» በአማርኛችን እኩል ክብደት ኖሯቸው አያውቅም። የማይሆን ወሬ የሚያወራውንማ «በሬ ወለደ» ይለናል ብለን እንተወዋለን።

ስልኩ ይህን ልዩነት አጥፍቶታል። ያየው፣ የሰማውና ከራሱ የፈጠረው ሰው የሚልኩት ጽሑፍ አንድ ዓይነት ፊደል፣ አንድ ዓይነት መልክ አለው። ተቀባዩ ምን ይዞ ያምናል? የላኪውን ስም ይዞ ነዋ! እናት ልጇ የላከላትን ታምናለች። የሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪ መምህሩ ያጋራውን ያምናል። የዕድሩ አባል ዳኛው የለጠፈውን ያምናል። ወሬው የሚቆመው በእኛ ስም ተደግፎ ነው። ስሙን ከነገር ሥር የሚያኖርን ሰው ደግሞ አገራችን ከጥንት ጀምሮ ምስክር ትለዋለች።

ጎጃም የቅኔና የመጻሕፍት አገር ነው፤ ዋሸራን የመሰለ ጉባኤ የበቀለበት ምድር ነው። በዚህ ምድር አንድ መጽሐፍ እንዴት ይጻፍ እንደነበር የምታውቁ አባቶች እዚህ መካከል አላችሁ። የፍየሉ ቆዳ ይወጠራል፣ ይፋቃል፤ ቀለሙ ይበጠበጣል፤ መቃው ይቀረጻል። ቁም ጸሐፊው አንድ ዳዊት ለመጨረስ ወራት ይፈጅበታል። ጽፎ ሲያበቃም ሊቅ ፊት ቀርቦ ይነበባል፤ ግድፈቱም ይታረማል። ያልታረመ መጽሐፍ ለንባብ አይደፈርም ነበር። ጸሐፊውም በመጨረሻው ገጽ ላይ ስሙን አስገብቶ፣ ስለ ስሕተቱ ይቅርታና ጸሎት ይለምናል። በዚያ ሥርዓት ያለፈ ቃል ለመቶ ዓመታት ይታመናል። እኛ የዚያ ሥርዓት ልጆች ሆነን፣ ያላነበብነውን ጽሑፍ አርእስቱን ብቻ አይተን ለሦስት መቶ ሰው እንልካለን።

ከባሕር ዳር የምንማረው

ነገሩ የሥነ ምግባር ምክር ብቻ መስሎ እንዳይታያችሁ፣ በክልላችን የሆነ አንድ መራራ ታሪክ ልንገራችሁ። በእንጅባራና በዳንግላ በኩል አልፈን በምንደርስባት በባሕር ዳር፣ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ የሚባሉ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ። የትግራይ ተወላጅ ነበሩ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ የሰሜኑ ጦርነት በተፋፋመበት ወቅት፣ ወደ 50,000 ተከታይ በነበረው አንድ የፌስቡክ ገጽ ላይ ፎቷቸው ተለጠፈ። በክፉ የሚወነጅላቸው ጽሑፍ ወጣ፤ የሚኖሩበት ቦታም ተገለጠ። ቤተሰቡ ጽሑፉ እንዲነሣ ለፌስቡክ ኩባንያ አመለከተ። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ፕሮፌሰሩ በቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ኩባንያው ከጽሑፎቹ አንዱን እንደሚያነሣ መልስ የሰጠው እርሳቸው ከሞቱ በኋላ ነበር። ልጃቸው ከሌሎች ጋር ሆኖ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ከሰሰ፤ በ2017 ዓ.ም. የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወስኗል።

የኩባንያውን ጥፋት ፍርድ ቤት ይመርምረው። ገዳዮቹንም ሕግ ይፈልጋቸው። እኔ የማስበው ስለ ሌላ ሰው ነው። ያን ጽሑፍ አይቶ ላይክ ያደረገ አለ። ከሥሩ ስድብ የጨመረ አለ። ወስዶ ለጓደኛው ያጋራ አለ። ከእነዚህ መካከል ክርስቲያን አልነበረበትም ማለት እንችላለን? በአንገቱ ማዕተብ ያሰረ፣ ረቡዕና ዓርብ የጾመ፣ እሑድ ያስቀደሰ ሰው አልነበረበትም? ያ ሰው ስለ ፕሮፌሰሩ ምንም አያውቅም ነበር። በአውጫጭኝ ሜዳ ላይ ቢያቆሙትና ማል ቢሉት «አላውቃቸውም» ይል ነበር። በስልኩ ላይ ግን የማያውቀውን መሰከረ።

የማያውቁትን መመስከር ለምንድን ነው እንዲህ የሚቀለው? አንዱ ምክንያት የመሣሪያው አሠራር ነው። ፌስቡክ ለእያንዳንዳችን ከብዙው ጽሑፍ ውስጥ የቱን አስቀድሞ እንደሚያሳየን የሚወስነው በስሌት ነው። ከኩባንያው የወጡ ሰነዶች እንዳሳዩት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2017 ጀምሮ በዚያ ስሌት ላይክ 1 ነጥብ ሲያዝለት፣ ቁጣን ጨምሮ ሌሎቹ የስሜት ምልክቶች 5 ነጥብ ይያዝላቸው ነበር። በኋላ የቁጣው ነጥብ እንዲቀነስ ተደርጓል። እስከዚያው ግን ሰውን ያስቆጣ ጽሑፍ ላይክ ብቻ ካገኘው ይልቅ ሩቅ ይሄድ ነበር። የኩባንያው ሠራተኛ የነበረችው ፍራንሲስ ሆገን በዚያው አቆጣጠር በ2021 በአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርባ ስትናገር የዚህን አሠራር ጉዳት ለማሳየት የአገራችንን የኢትዮጵያን ስም አንሥታለች። እንግዲህ ሰይጣን በቁጣ ይገባል ብለው አባቶች ሲያስጠነቅቁን የኖሩትን በር፣ የገበያው ስሌት ወለል አድርጎ ከፍቶታል ማለት ነው።

ልጓምና ከሰል

ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 3 ላይ አንደበትን ከፈረስ ልጓምና ጫካን ከምታቃጥል ትንሽ እሳት ጋር አነጻጽሯል። ይህን ምሳሌ ለመተርጎም ከአዊ ሕዝብ የተሻለ ማን አለ? የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል፣ እንጅባራ ላይ ሲሰለፉ ያያችሁ ታውቃላችሁ። ልጓም ፈረሱን ለማዋረድ የተሠራ አይደለም። ልጓም ያልገባለት ፈረስ ጉልበቱ ራሱንም ጋላቢውንም ገደል ይሰዳል፤ ልጓም የገባለት ፈረስ ግን በዓልን ያስውባል፣ ለአገርም ይዘምታል። የጎበዝ ፈረሰኛ ማዕረጉ በማስሮጡ ይታወቃል ብለን እናስባለን፤ የሚያውቁት ሰዎች ግን የሚያዩት አቋቋሙን ነው። ጣታችንም እንደዚሁ ነው። ብዙ የጻፈው ሰው ሳይሆን በጊዜው ያቆመው ሰው ነው ጋላቢ።

እሳቱንም ታውቁታላችሁ። እዚህ አዊ ዞን ውስጥ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክለው ከሰል የሚያከስሉ መንደሮች አሉ። ከሰል አክሳዩ እንጨቱን ይከምራል፤ በሣርና በአፈር ይደፍነዋል፤ ከዚያም ሌሊቱን ሳይቀር ይጠብቀዋል። አፈሩ በአንድ በኩል ተሸንቁሮ አየር የገባ እንደሆነ የድካሙ ፍሬ ሁሉ አመድ ይሆናል። በሰው መካከል የሚነሣ ጠብም እንዲህ ያለ ክምር ነው። በሽማግሌና በንስሐ አባት እጅ ተደፍኖ ቢያዝ ይበርዳል፤ ከበረደም በኋላ ሰዎቹ ይጠቅማሉ። አደባባይ ላይ አየር ሲያገኝ ግን ቤተሰብም ደብርም ያነዳል።

የተገለበጠው ሥርዓት

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ላይ ወንድምህ ቢበድልህ ምን እንደምታደርግ በቅደም ተከተል አስቀምጦልናል። በመጀመሪያ ለብቻው አግኝተህ ንገረው። ባይሰማህ አንድ ወይም ሁለት ሰው ጨምረህ ሂድ። እነርሱንም ባይሰማ ለቤተ ክርስቲያን ንገር። ሦስት ደረጃ ነው። ከጠባቡ ተጀምሮ ወደ ሰፊው ይሄዳል፤ በየደረጃውም የሚፈለገው ወንድምን መመለስ ነው።

እኛ ይህን ሥርዓት ገልብጠነዋል። ካህኑ አጠፉ ብለን ስናስብ መጀመሪያ የምንነግረው ለዓለም ነው። ቪዲዮ እንቀርጻለን፤ በቲክቶክ እንለቃለን። ከዚያ ዘመድ ይሰማል። ከዚያ ሰበካ ጉባኤው ይሰማል። በመጨረሻ፣ ነገሩ አገር ካዳረሰ በኋላ፣ ባለቤቱ ይሰማል። እርሱም ከዚህ በኋላ ቢጸጸት እንኳ የሚመለስበት በር አያገኝም፤ ስሙ የዓለም መዘባበቻ ሆኖ ቀርቷልና። ወንድም እንዲመለስ ካልፈለግን ተግሣጻችን ምኑ ላይ ነው ክርስቲያናዊ የሚሆነው? ስሕተት አይነገር፣ ሌብነት ይሸፈን እያልሁ አይደለም። የተበደለ ለሕግ ይጩህ፤ ሕፃን የተጎዳ እንደሆነ ዕለቱን ለፖሊስ ይነገር። እኔ የምለው ክርስቲያን በወንድሙ ላይ የሚናገረውን ነገር አስቀድሞ ለወንድሙ ሊነግረው ይገባል ነው።

በ2015 ዓ.ም. ያየነው ደግሞ የስልካችንን ሁለት ፊት በአንድ ወር ውስጥ አሳይቶናል። ጥር 14 ቀን ወሊሶ ላይ ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ያለ ቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ 26 መነኮሳትን በኤጲስ ቆጶስነት ሾሙ። ሲኖዶሱም ሹመቱን አውግዞ፣ ምእመናን በጾመ ነነዌ ጥቁር ለብሰው እንዲጸልዩ ጥሪ አቀረበ። ያ ጥሪ በስልክ ነው አገር ያዳረሰው። ከጥር 29 ጀምሮ ለሦስት ቀን ከገጠር ደብር እስከ አዲስ አበባ፣ በውጭ አገርም ሳይቀር፣ ሕዝቡ ጥቁር ለብሶ ጸለየ። ይህ ጸሎት ነበር፤ ስልኩም በመልካም አገልግሏል። በዚያው ሰሞን ግን በዚያው ስልክ ላይ ወንድም ወንድሙን በዘሩ ሲሰድብ አይተናል። ጳጳስ ሲዋረድ አይተናል። የትኛው መግለጫ የማን እንደሆነ መለየት አስቸግሮን ነበር። የካቲት 2 ቀን ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም ተዘጉ፤ እገዳው ወደ አምስት ወር ገደማ ቆየ። አባቶች ግን ገና የካቲት 8 ቀን ተነጋግረው ስምምነት ላይ ደርሰው ነበር። ስምምነቱ የተገኘው ፊት ለፊት ተቀምጦ በመነጋገር ነው።

ከዚያ በኋላ በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ መኖሩን ታስታውሳላችሁ። ጉዳቱን አላቃልልም። ልጁ በስደት አገር ያለበት አባት ድምፁን ናፈቀ፤ ነጋዴው ከሰረ፤ ተማሪው ትምህርቱ ጎደለበት። ነገር ግን በእነዚያ ወራት አንድ ነገር አስተውያለሁ። ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ ቅዳሴው አልተቋረጠም። ደወሉ ተደወለ፤ ሰንበቴው ወጣ፤ ሐዘንተኛ ቤት ሰው ሄደ፤ ጾሙም ተጾመ። እምነታችን በስልክ የመጣ አለመሆኑን፣ ያለ ስልክም እንደሚቆም ያን ጊዜ ተማርን። ይህን የተማረ ሰው ስልኩን ሲከፍት እንደ አገልጋይ እንጂ እንደ ጌታ ሊያየው አይገባም።

በስልክ የመጣ አዲስ «አምልኮ»

አሁን ልባችሁን ሊያሳዝን የሚችል ነገር ልናገር፤ በፍቅር ነውና ስሙኝ። የመጀመሪያው ይህ ነው፤ የእመቤታችን ሥዕል ይለጠፍና ከሥሩ «አሜን ሳትሉ እንዳታልፉ» ይጻፍበታል። «ይህን ለዐሥር ሰው ካልላክህ መቅሠፍት ይደርስብሃል» የሚል መልእክት ይመጣል። እናቶቻችን ፈርተው ይልካሉ። ይህ ከየትኛው መጽሐፍ የተገኘ ነው? የትኛውስ ሊቅ ነው ያስተማረው? እግዚአብሔር ጸሎትን የሚሰማው ልብን አይቶ ነው፤ የላክነውን ቁጥር አይቆጥርም። «አሜን» ማለት «እውነት ነው፤ ይሁን» ማለት ነው፤ እርሱም ምስክርነት ነው። ሰው የገጹን ተመልካች ሊያበዛበት ብሎ የለጠፈውን ሳያነቡ «አሜን» ማለት ከባድ ቃልን ማርከስ ነው።

ሁለተኛው የቲክቶክ ክርክር ነው። ኦርቶዶክስ፣ ፕሮቴስታንትና ሙስሊም ወጣቶች ላይቭ ገብተው ሲሰዳደቡ ሌሊት ይነጋል። ተመልካቹ ሮዝና አንበሳ እያለ ስጦታ ይልካል፤ ስጦታው ወደ ገንዘብ ይለወጣል። ስድቡ በከረረ ቁጥር ሰው ይበዛል፤ ሰው በበዛ ቁጥር ገንዘቡ ይጨምራል። ስለ እምነቱ ለሚጠይቀው ሰው ክርስቲያን በየዋህነትና በአክብሮት እንዲመልስ ሐዋርያው ጴጥሮስ አስተምሮናል። በቅኔ ቤት እንኳ ተማሪ ተማሪን በነገር ሲረታ መምህሩ ከላይ አለ፤ ልክ ሲያልፍ ያስቆመዋል። ላይቭ ላይ ያለው መምህር ማን ነው?

ሦስተኛው ገንዘብ ነው። በአንድ ገዳም ስም፣ በታመመ ሕፃን ፎቶ የሒሳብ ቁጥር ይለጠፋል። ብዙው እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ሐሰተኛውም በዚያው መካከል ይደበቃል። ቤተ ክርስቲያናችን ሰበካ ጉባኤዋን የምታስተዳድርበት ሕግ ቃለ ዓዋዲ ይባላል። ዓዋዲ ዐዋጅ ነጋሪ ነው። ዐዋጅ ነጋሪ የላከው አለው፤ የላከውም የሰጠውን ብቻ ይናገራል። ስለዚህ ለደብር የሚለመን ገንዘብ ሲመጣባችሁ ላኪው ማን ነው ብላችሁ ጠይቁ። ሰበካ ጉባኤውን ጠይቁ፤ ደረሰኝ ጠይቁ። መጠየቅ ምጽዋትን አይከለክልም፤ ምጽዋቱ ለድኻው እንዲደርስ ያደርጋል እንጂ።

ይህን ሁሉ ስል ስልኩን ጣሉት እያልሁ አይደለም። ክርስቲያኖች በአዲስ መሣሪያ ሲያስተምሩ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በየካቲት 1955 ዓ.ም. የሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ያቋቋመው የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ከአዲስ አበባ ሥራ ጀምሮ፣ በ1969 ዓ.ም. ደርግ እስኪወርሰው ድረስ ለብዙ አገሮች ሲናገር ኖሯል። ዛሬም በቤይሩት በሰው ቤት ሠራተኛነት ያለች እኅታችን ስብከት የምትሰማው በስልኳ ነው። እግራቸው የማይራመድላቸው አዛውንት ቅዳሴውን በዩቲዩብ ይከተላሉ። ግዕዝ የሚማር ወጣት ትምህርቱን በቴሌግራም ያገኛል። ለተፈናቀሉ ወገኖች እህልና ብርድ ልብስ የተሰበሰበውም በዚሁ መሣሪያ ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ በራዲዮው ዘመን ማይክሮፎን ፊት የሚደርሰው ሰው ጥቂት ነበር። ዛሬ ማይክሮፎኑ በየኪሳችን አለ። የአዘጋጁ ኃላፊነትም አብሮ ወደ ኪሳችን ገብቷል፤ እኛ ግን የወሰድነው ማይክሮፎኑን ብቻ ነው።

ሦስት ጥያቄ፣ አንድ ዕዳ

እኔም ከዚህ ጥፋት ንጹሕ አይደለሁም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የማከብራቸው መምህር አረፉ የሚል መልእክት ደረሰኝ። አነበብሁ፤ አለቀስሁ፤ ወዲያው ለማውቃቸው ሁሉ ላክሁ። መምህሩ በሕይወት ነበሩ። በሌላ ከተማ ያለች እኅታቸው ያን መርዶ የሰማችው እኔ ከላክሁለት ሰው ነው። መርዶውም ይዟት የነበረውን ሕመም አባሰባት። ክፋት አልነበረብኝም፤ ፍቅር ነበረብኝ። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «መርዶውን የላክህላቸው ሁሉ መምህሩ በሕይወት መኖራቸውን ከአንተ ሰምተዋል?» አልሰሙም ነበር። እርሳቸውም ሄደህ ንገራቸው አሉኝ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። አንዳንዱን አላገኘሁትም፤ እርሱም ለሌላ ልኮታል።

ከዚያ ወዲህ ከማጋራቴ በፊት ሦስት ነገር ራሴን እጠይቃለሁ፤ ለእናንተም አደራ እላለሁ። አንደኛ፦ በዓይኔ አይቻለሁን? ወይስ ካየና ከማምነው ሰው ሰምቻለሁን? ሁለተኛ፦ ነገሩ ሰውን የሚነካ ከሆነ ለባለቤቱ ነግሬዋለሁን? ሦስተኛ፦ ይህን ቃል በቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ላይ ቆሜ፣ ሰውየውም ፊቴ ቆሞ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ እናገረዋለሁን? አንዱ እንኳ «አይ» የሚል መልስ ካለው ጣቴን እመልሳለሁ።

የተሳሳተም ሰው ዕዳ አለበት። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ቀን የቀማውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናግሯል። የሰው ስም ከገንዘብ ይበልጣል። ሐሰቱን በቴሌግራም ያጋራ፣ እርማቱን በልቡ ብቻ መያዙ አይበቃም፤ በዚያው ቦታ፣ ለዚያው ሰው፣ «ተሳስቻለሁ፤ ይቅር በሉኝ» ብሎ ይጻፍ። ጽሑፉን ዝም ብሎ ማጥፋት ዱካን መሰወር ነው፤ ዕዳውን አይከፍልም።

የመንግሥትም ሕግ አለ። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ሥርጭት ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃን ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ላይ ያሰራጨን ሰው ቅጣት ያከብድበታል። ሕግ ቁጥር ማስቀመጡ ግድ ነው። በእግዚአብሔር ፊት ግን ሦስት ተከታይ ያለውም ምስክር ነው። አንድ ሰው ብቻ ባለበት ክፍል ውስጥ የባልንጀራን ስም መግደል ይቻላል።

ካህናት አባቶቼን አንድ ነገር እለምናለሁ። ለኑዛዜ የመጣውን ልጃችሁን ስለ ጾሙና ስለ ጸሎቱ እንደምትጠይቁት፣ ስለ ስልኩም ጠይቁት። በጣቱ ማንን እንደ ሰደበ፣ ምን እንዳጋራ፣ ማንን ይቅርታ እንዳልጠየቀ ጠይቁት። ብዙ ወጣት ይህ ኃጢአት መሆኑን ስላልተነገረው ብቻ አይናዘዘውም። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ከሥጋና ከወተት የሚከለከል ሰው፣ ከስድብና ከሐሜት ገጽ እንዲከለከል ንገሩት፤ ይሰማችኋል።

የሰንበት ትምህርት ቤት፣ የጽዋ ማኅበርና የዕድር መሪዎችንም እለምናለሁ። ሁላችሁም የቴሌግራም ግሩፕ አላችሁ፤ ግሩፑም አድሚን አለው። አድሚን የሚሆነው ስልክ የሚያውቅ ልጅ ነው ብላችሁ ለማንም አትስጡት። በዚያ በር የሚያልፈው ቃል የሰው ስም፣ የቤተ ክርስቲያንም ክብር ነው። የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ስትሰጡ የምታዩትን ታማኝነት እዚህም እዩ። የማኅበሩን ገንዘብ ለሚይዘው ሰው ዋስ እንደምትጠሩ፣ የማኅበሩን አፍ ለሚይዘውም ጠባዩን መርምሩ።

ወላጆች፣ ልጆቻችሁን ስልክ ስትከለክሏቸው ራሳችሁ ማታ የምታጋሩትን ያያሉ። ወጣቶች፣ አባትና እናታችሁ በማያውቁት መሣሪያ ሲታለሉ አትሳቁባቸው፤ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ አስረዷቸው። ይህም አክብሮት ነው።

ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ አንድ ነገር አድርጉልኝ። ስልካችሁን ክፈቱና በመጨረሻ ያጋራችሁትን አንድ ነገር አግኙ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ድምፃችሁን አሰምታችሁ አንብቡት። ከዚያም በአውጫጭኝ ሜዳ ላይ ቆማችሁ «ማል» እንደተባላችሁ አስቡ። የምትምሉበት ከሆነ ይቆይ። የማትምሉበት ከሆነ ግን አትተኙ፤ ለላካችሁለት ሰው ደውሉለት።